ጅራት የሌላቸው ተኚዎች

ሚያዝያ ሲጋመስ ከጋምቤላ ሕዝብ አብዛኛው ተኝቶ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ቤቱን ዘግቶ፣ በሩን በጭቃ መርጎ፣ ቁልፉን ለቀበሌ አስረክቧል፤ በየሰፈሩ ተሰልፎ መርፌውን ወስዶ በመኝታ አዳራሽ ተኝቷል። በሩን በጭቃ መምረግ ማንም ያላዘዘው ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ሴት አቧራ እንዳይገባባት ብላ አደረገችው። በሁለተኛው ዓመት ሰፈሩ ሁሉ ተከተላት። አሁን በሩን ሳይመርግ የሚተኛ ሰው እንደ ዝርክርክ ይታያል። ፀሐይ ጭቃውን ስታደርቀውና ስትሰነጥቀው፣ በመንገድ የሚያልፉት ሰዎች የስንጥቁን ስፋት አይተው በጋው ምን ያህል እንደገፋ ያውቃሉ።

ነቅተው የሚቆዩት የሥራ ፈቃድ ያላቸው ናቸው፤ የውሃ፣ የመብራት፣ የጥበቃ፣ የሕክምናና የጥናት ሰዎች። ነቂዎች ይባላሉ። ለእነሱ ደንቡ ቀላል ነው። በመኝታ አዳራሾቹ አካባቢ ለስላሳ ጫማ ይደረጋል። ደወል አይደወልም፤ ከበሮ አይመታም፤ ቆርቆሮ በመኪና ተጭኖ አያልፍም። ውሾች ኅዳር መጨረሻ ላይ ተሰብስበው ይወሰዳሉ፤ ወዴት እንደሆነ የጠየቀ የለም። አውራ ዶሮን ዝም ማሰኘት ስላልተቻለ ይታረዳል። ከዚህ የተነሣ ነቂዎች በክረምቱም ጭምር በሹክሹክታ ማውራት ለምዶባቸዋል። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ የከተማው ሰው ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስለዋል።

ሰው ለምን እንደሚተኛ የሚያብራራ ከጠፋ ቆይቷል። ሙቀቱ ከዓመት ዓመት ሲከፋና እህሉ ሲያንስ፣ «የተኛ አይሞቀውም፤ የተኛ አይራብም» ተባለ። እውነትም የተኛ አልተራበም። ግንቦት ላይ ከስቶ ይነቃል፤ ጭቃውን ከበሩ ያራግፋል፤ ክረምቱን ዘርቶ፣ አጥምዶ፣ በልቶ ይወፍርና ታኅሣሥ ሲደርስ ተመልሶ ይሰለፋል።

አሪየት የጥናት ሰው ናት። የእረፍት ወቅት ባለሥልጣን በባሮ ዳር በሠራው የዓሣ ቤት ውስጥ ትሠራለች። እዚያ፣ መደርደሪያ ላይ፣ እንደ ጡብ የተደረደሩ የደረቀ ጭቃ ቁራጮች አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ባለሳንባ ዓሣ ተኝቷል። የአካባቢው ሰው የጭቃ ዓሣ ይለዋል። ወንዙ ሲሸሽ ጭቃ ውስጥ ይቀበርና ተጠቅልሎ፣ ጅራቱን እንደ ነጠላ ዓይኖቹ ላይ ጥሎ፣ ከገላው በወጣ ልጋግ ተሸፍኖ ውሃ እስኪመለስ ይተኛል። አሪየት ጠዋት ጠዋት ከጭቃው አናት ባለችው የመተንፈሻ ቀዳዳ ላይ ቀጭን ፈትል ትይዛለች። ፈትሉ ከተነቃነቀ ዓሣው በሕይወት አለ። ካልተነቃነቀ ትጠብቃለች። አንዳንዱ ዓሣ ከትንፋሽ እስከ ትንፋሽ ሰው ሻይ ጠጥቶ የሚጨርስበትን ያህል ይቆያል። ባልደረቦቿ «አሪየት ያላገባችው ሽማግሌ ሲላክባት ፈትል ይዛ ስለነበር ነው» እያሉ ይቀልዱባታል።

ሰዎቹ የሚተኙበት መርፌ የተገኘው ከዚህ ዓሣ ነው። በአንጎል ውስጥ መልእክት ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው የሚሻገረው በኬሚካል ቅመም ነው፤ ቅመሙ እንዲሰማ ደግሞ በሕዋሱ ገጽ ላይ ለእርሱ ብቻ የተሠራ ተቀባይ መኖር አለበት። አሪየት ለአዳዲስ ሠራተኞች ስታስረዳ ተቀባዩን «ጆሮ» ትለዋለች። ይህ ጥንታዊ ዓሣ «ተኛ» የሚለውን ቅመም የሚሰማ ጆሮ አለው። የሰው ልጅም ያንኑ ጆሮ ወርሷል፤ ግን በዘመን ብዛት ደንቁሮበታል። መርፌው የደነቆረውን ይከፍታል። ከዚያ በኋላ ያለው የመደብ፣ የቅባትና የጥበቃ ጉዳይ ነው።

ቅዳሜ የማገላበጫ ቀን ነው። ዘመድ የተኛበት ነቂ አዳራሽ ገብቶ ዘመዱን ማገላበጥና ቅባት መቀባት ይፈቀድለታል። የአሪየት ታናሽ እህት አኬሎ የተኛችው አዳራሽ አራት ነው። በሩን የሚጠብቀው ጋትዊች የሚባል ሸምገል ያለ ኑዌር ነው፤ ረጅም፣ ግንባሩ ላይ የጎልማሳነት ጠባሳ የተሰመረበት፣ በሹክሹክታ እንኳ ሲያወራ ሳቁ የሚያመልጠው።

«እህቴ አሪየት፣ ቶሎ ግቢ» አላት። «አኬሎ ስትጠራሽ ነበር።»

«ምን አለች?»

«ቅባቱን ቀንሱልኝ፤ ዓሣ መሰልኩ አለች።»

«እሷ ዓሣ ብትመስል ኖሮ ራሷን ጠብሳ ትሸጥ ነበር።»

«ያውም አስወድዳ!» ጋትዊች አፉን በመዳፉ ከደነ።

አዳራሹ ውስጡ ጨለም ያለና ቀዝቃዛ ነው። ወለሉ አፈር ነው፤ ከወለሉ ጋር አንድ ሆነው የተሠሩ የጭቃ መደቦች በረድፍ ተዘርግተዋል። ጣሪያው ከላይም ከታችም በወፍራም ፍራሽ ተሸፍኗል። የወንዙ ዳር ሰፈር ሰው በሙሉ፣ ሽማግሌውም ነፍሰ ጡር ያልሆነችው ሴትም፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ተኝቷል።

አኬሎ በጀልባ ማቆሚያው ዓሣ ጠባሽ ነበረች። ድምፅዋ ወንዙን ተሻግሮ ከወዲያኛው ዳር ገበያተኛ ያመጣ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ሰልፉ መሃል ሆና «አንቺ ነቂ! ስነሣ ወፍረሽ ባገኝሽ የእኔንም ድርሻ በልተሻል ማለት ነው!» ብላ ጮኻባት ሰልፉ ሁሉ ስቋል። ያን ጊዜ ለማቀፍ ሁለት ክንድ የማይበቃት ሴት ነበረች። አሁን አሪየት በአንድ እጅዋ ገለበጠቻት። የጭኗ ሥጋ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የትከሻዋ አጥንት እንደ ጀልባ ጫፍ ሾሏል። አሪየት ቅባቱን እየቀባች «ክረምት ሲገባ ይመለሳል» ብላ አሰበች። በየዓመቱ ተመልሷል።

ልትወጣ ስትል ከበሩ ጎን የተከመሩ ሣጥኖች አየች። በላያቸው ላይ ያለው ሰማያዊ መስመር የማስተኛ መርፌ ምልክት ነው። የማስተኛ መርፌ በሚያዝያ ወር ወደ አዳራሽ አይመጣም።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ለሰኞ ነው ተባልኩ። ዶክተሩን ጠይቂ። እኔን የሚነግረኝ የለም፤ የምጠብቀው በሩን ነው።»

ዶክተር አስናቀ የባለሥልጣኑ የሕክምና ኃላፊ ነው። ከአሪየት ጋር ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረዋል፤ በፈተና ሰሞን ከአንድ ሳህን በልተዋል። ቢሮው ስትገባ ማንጎ እየላጠ ነበር። ማንጎን እንደ ቀዶ ጥገና ነው የሚልጠው፤ ልጣጩ ሳይበጠስ ይወርዳል።

«አዳራሽ አራት በዚህ ክረምት አይነቃም» አላት፤ ቢላውን አላቆመም። «እስከ መጪው ዓመት ግንቦት ይቀጥላል። ሰኞ ድጋሚ ይወጋሉ።»

«ማን ወሰነ?»

«እህሉ ወሰነ። ለሁሉም አዳራሽ አይበቃም።»

«ለምን አራትን?»

«መሬታቸው ወንዝ ዳር ነው። ለመስኖ ተፈልጓል። ሰዎቹ ተኝተው ሳለ ቢሠራ ጭቅጭቅ የለውም።» የአየር ጠባይ ዘገባ የሚያነብ ይመስል ነበር።

«አስናቀ፣ ሁለት በጋ ከነክረምቱ በተከታታይ የተኛ ሰው የለም።»

«ዓሣሽ አራት ዓመት ተኝቷል። በራስሽ መደርደሪያ ላይ።»

«ዓሣዬ ጅራቱን እየበላ ነው የተኛው። ክረምቱን ሙሉ ጅራቱ ላይ ሥጋ ያከማቻል፤ በእንቅልፉ የሚቀለበው ከዚያ ነው። አኬሎ ጅራት የላትም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«የተወሰነ ሰው እናጣለን።» አንድ ቁራጭ ማንጎ በቢላው ጫፍ አቀረበላት። «እንኪ፣ ብዪ።»

አልተቀበለችውም። ለአንድ ዓመት ስታጠናው የቆየችውን፣ ለስብሰባ ያዘጋጀችውን ነገር እዚያው ቆማ ነገረችው። መንጋጋ የሌለው፣ እንደ እባብ የረዘመ ዓሣ ከባሕር ማዶ በበረዶ ታሽጎ መጥቶላት ነበር፤ ከጭቃው ዓሣ እጅግ የሚቀድም ፍጥረት። አንጎሉ ላይ የሚያስተኛውን ተቀባይ ፈልጋ አጣችው። የሚያነቃውን ግን አገኘችው።

«ገባህ? 'ንቃ' የሚለውን የሚሰማው ጆሮ ይቀድማል። እንቅልፉ በኋላ የመጣ ነው። የጭቃው ዓሣ ጎርፍ ሲደርስ ካልነቃ ሳንባው ውሃ ሞልቶ ይሞታል፤ ስለዚህ በተኛ ቁጥር አንቂው ጆሮ ይበዛል፤ ስል ይሆናል። ሰው ላይም እንደዚያው ነው። በዚህ ወር ከሁሉም አዳራሽ ናሙና ወስጃለሁ። እየሰሙ ነው አስናቀ። ከውጭ ያለውን እየሰሙ ነው የተኙት።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ። ጣሪያውን በፍራሽ ያስሸፈነው ማን ይመስልሻል?»

አሪየት ለክርክር ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ የሚከራከራት ግን አጣች። አስናቀ እጁን በፎጣ ጠርጎ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ። እህትሽን ላውጣልሽ። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ እሷን እናነቃታለን፤ የንቃት ፈቃድ ይሰጣታል፤ ካንቺ ጋር ትኖራለች። ከዚያ ሌሎቹን አንቺ ትወጊያለሽ። ካንቺ የተሻለ እጅ የለኝም። ሌላ ሰው ከወጋቸው የሚጎዳው ይበዛል፤ ይህን ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ይህ እውነት ስለሆነ ነው የከበዳት።

«እምቢ ብልስ?»

«አኬሎ ከሰፈሯ ጋር ትቀጥላለች። አንቺም ታኅሣሥ ላይ ትሰለፊያለሽ። አሪየት፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም።»

«ክፉ ነህ አላልኩም» አለች። «ሰኞ እገኛለሁ።»

ከቢሮው ወጥታ ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ጋትዊች ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ እግሩን ዘርግቷል። ጎኑ ተቀመጠችና ስለ ጣሪያው ጠየቀችው።

«እንዴ፣ አልሰማሽም?» አለ። «በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ ነበር። ሚያዝያ ላይ፣ ያለ ወቅቱ፣ አንድ ደመና መጣና አንጠባጠበ። እኔ እዚችው በር ላይ ነኝ። ምን ያየሁ ይመስልሻል? ሁሉም ተነሡ። ሁሉም! እንደተፈጠሩ፣ በቅባት አብለጭልጨው፣ 'ዘሩን አውጡ' እያሉ በበሩ ሲግተለተሉ! ያን ቀን የሮጥኩትን ሩጫ ለከብት ዘራፊም ሮጬ አላውቅም። ትንሣኤ ሙታን መስሎኝ እኮ ነው፤ እኔ ደግሞ ገና ንስሐ አልገባሁም።»

ሳቁ አመለጠው። አሪየት ግን አልሳቀችም።

ያን ቀንና እሑዱን አኬሎ ብቻዋን ነቅታ ስትኖር በዓይነ ሕሊናዋ ለማየት ሞከረች። ነገርን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማሰብ ልማዷ ነው። አኬሎ በጀልባ ማቆሚያው ምድጃዋን ታቀጣጥላለች። ዘይቱ ይንጫጫል። የሚጨቃጨቃት፣ የሚሰድባት፣ «ይሄ ዓሣ ነው ወይስ አጥንት?» የሚላት ሰው ሁሉ አዳራሽ አራት ውስጥ እየመነመነ ነው። ከኋላዋ የመስኖ ማሽን የጎረቤቶቿን ማሳ ይገለብጣል። ከዚያ አኬሎ ዞራ «አንቺ፣ ለማን ነው የምጠብሰው?» ትላታለች። አሪየት ለዚህ ጥያቄ መልስ ፈለገች፤ አጣች። ሌላ ማሰብ አላስፈለጋትም።

አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር። በጋ ላይ ረግረጉ ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ የመንደሩ ሰዎች ቅል ይዘው ይወጡ ነበር። ቅሉን መሬቱ ላይ ይደፉና በጣቶቻቸው ይደበድቡታል። ከመሬት ሥር ያለው የጭቃ ዓሣ ዝናብ የመጣ መስሎት ይንቀሳቀሳል፤ እንደ ሕፃን ያቃስታል። ድምፁ ከመጣበት ይቆፍራሉ። እሑድ ከሰዓት አሪየት ይህንኑ በዓሣ ቤት ሞከረችው። ሦስተኛ ዓመቱን የተኛ ዓሣ ገና በሁለተኛው ምት አቃሰተ።

ሰኞ ማለዳ ፀሐይ ወጣ እንዳለች፣ አስናቀና ሰዎቹ ከመድረሳቸው በፊት፣ ጨውና ማር የተበጠበጠበት ውሃ በጀሪካኖች በጋሪ አስጭና መጣች። በብብቷ ትልቅ ቅል ይዛለች።

«ምሳሽ ነው?» አላት ጋትዊች።

«አይደለም።»

ቅሉን አየው። የእሱም አገር ረግረግ አለው። ብዙ ቆየና መክፈቻውን ከኪሱ አወጣ።

«ጋሼ፣ ሰው ቢነሣ ትሮጣለህ?»

«አሁንማ ጉልበቴን ያመኛል» አለ በሩን እየከፈተ። «የት ልሮጥ?»

አሪየት ቅሉን ከአኬሎ መደብ ሥር፣ አፈሩ ላይ ደፋችው። በግራ እጅዋ ፈትሉን አውጥታ ከእህቷ አፍንጫ በላይ ያዘች። በቀኝ እጅዋ መደብደብ ጀመረች። ጣቶቿ በተራ በተራ ወረዱ፤ አንድም አልዘገየም፤ አንድም አልቀደመም። ፈትሉ እንደ ወትሮው በረጅሙ ሄደ፤ በረጅሙ ተመለሰ። ጠነከር አደረገችው። ምንም። በአዳራሹ ሙሉ አንድ የዓይን ሽፋን አልተንቀሳቀሰም። ከውጭ የመኪና ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ጀመር፤ የባለሥልጣኑ መኪናዎች ለስላሳ ጎማ ነው ያላቸው፤ ቢሆንም የጠጠሩ መንገድ ያሳብቃል።

እጅዋን አነሣች። ላቧን በክንዷ ጠረገች። ምን እንዳጠፋች ለማየት እንደ ልማዷ በሐሳቧ ወደ ኋላ ሄደች፤ ያኔ ምቱን እኩል እኩል ስትቆጥር እንደነበር አስተዋለች። በዓሣ ቤትም ስትቆጥር ነበር፤ ሦስት ዓመት የተኛ ዓሣ ግን በማንኛውም ነገር ይነቃል። እነዚህ የተኙት አምስት ወር ነው። ከጣቶቿ የሰሙት የሰዓት ምት ነበር እንጂ ዝናብ አልነበረም። ዝናብ አይቆጥርም። የባሮ ዝናብ መጀመሪያ አንድ ትልቅ ጠብታ አቧራው ላይ ይጥላል፤ ከዚያ እንደተጸጸተ ሰው ዝም ይላል። ሁለት አብረው ይወድቃሉ። እንደገና ዝም። ሴቶች ቀና ብለው ያያሉ፤ ደመናው ያልፋል አያልፍም ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ሳያልቅ ሰማዩ ይገለበጣል።

ዓይኗን ጨፈነች። አንድ ጣት ጣለች። ቆየች። ሁለት ጣለች። ከዚያ የእጅዋን ጉዳይ ለእጅዋ ተወችው። ከኋላዋ ጋትዊች መዳፎቹን በበሩ ቆርቆሮ ላይ መጣል ጀመረ፤ አሁን አንድ፣ አሁን ሦስት፣ አሁን ምንም፣ ከዚያ ውርጅብኝ።

«ልብሱን!» አለ አንድ ድምፅ። «ልብሱን አንሡ፣ ረጠበ እኮ!»

በሦስተኛው ረድፍ የተኛው ሽማግሌው ኦጌቱ ነበር፤ የሰፈሩ ጀልባ ጠራቢ። ተነሥቶ ተቀምጦ እጁን ባዶ አየር ላይ ወደሌለ የልብስ ማስጫ ገመድ ዘርግቷል። ቀጥሎ አንዲት ሴት አስነጠሰች። ቀጥሎ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ አፍ «ጀልባዋን አሰርካት?» ተባባሉ። በየመደቡ ያለው ሁሉ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ አጥንት በአጥንት ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማ ነበር። አሪየት ዓይኗን ስትገልጥ አኬሎ አፍጥጣ እያየቻት ነው።

«አንቺ» አለች አኬሎ በደረቀ ጉሮሮ፣ «ይሄን ክርሽን ከአፍንጫዬ ላይ አታነሺም?»

እሷና ጋትዊች ውሃውን አደሉ። አሪየት «ቀስ፣ ቀስ፣ ትንሽ ትንሽ» እያለች በየረድፉ አለፈች። ኦጌቱ አንድ ኩባያ ጠጥቶ በሩ ላይ ያለውን ብርሃን ተመለከተ።

«ፀሐይ ነው። ዝናቡ የታለ?»

«ዝናብ የለም አባባ። እኔ ነኝ።»

ጉርምርምታ ተነሣ። «አብደሻል እንዴ?» አለች ያስነጠሰችው ሴት። «ያለ ጊዜው ቀስቅሰሽ በራብ ልትፈጂን ነው?»

አሪየት ነገረቻቸው፤ ስለ ዛሬው መርፌ፣ ስለ መሬታቸው፣ ስለ እህሉ። ከወዲያ ጥግ «አይሰማም! ጮክ በይ!» ተባለች። ጮክ ለማለት ስትሞክር ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ ደገመችው። የዓሣውን ጅራትም ነገረቻቸው። «እናንተ ጅራት የላችሁም» አለች። «ናሙና ስወስድ አገላብጬ አይቻችኋለሁ።»



«እህሉ ለእኛ አልተመደበም ማለት ነው?» አለ ኦጌቱ።

«አልተመደበም።»

«እኔ ራብን ነቅቼ አይቼዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ። ተኝቶ መሞት ይሻላል።»

«ለማን ነው የሚሻለው?» አለች አኬሎ። በክርኗ ተደግፋ ቀና ብላለች። «ለሚሞተው ነው ወይስ ለሚያርሰው? ወንዙ እንደሆነ እዚያው አለ፤ ዓሣውም አለ። ሳልሞት በፊት አንድ ሰው መሬቴ ላይ ምን እየሠራ እንደሆነ ሄጄ ባየው ምን አለበት?»

አስናቀ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከኋላው በበሩ ጎን የተከመሩትን ሣጥኖች ያነሡ አራት ሰዎች አሉ፤ ለስላሳ ጫማቸው መምጣታቸውን አላሰማም። ወደ አሪየት ቀረበና በጆሮዋ ሊናገር ጎንበስ አለ።

«ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«የጥናቴን ውጤት አጣራሁ» አለች፤ ሁሉም ሰማ።

ቀና ብሎ ወደ ሰዎቹ ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ሥራ የበዛበት ሰው ፊት ነበር። «እናቶቼ፣ አባቶቼ» አለ በዝግታ። «ስሕተት ተፈጥሮ ነው የነቃችሁት። ለምትነቁበት የተዘጋጀ ምንም ነገር የለም። ለደኅንነታችሁ ነው፤ በየቦታችሁ ተኙ። አያምም።»

ማንም አልተኛም። አስናቀ ዙሪያውን አይቶ ሽማግሌውን መረጠ። ከፊቱ ተንበረከከ፤ አክብሮቱ የውሸት አልነበረም።

«አባባ፣ እርስዎ ይረዱኛል። እርስዎ ከተኙ ሌሎቹ ይተኛሉ።»

«አያምም ነው ያልከኝ?»

«ፈጽሞ።»

«እንቅልፉስ ጥሩ ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው።»

«እንግዲያው አንተ ተኛ» አለ ኦጌቱ። «ደክሞሃል።»

መጀመሪያ የሳቀው ጋትዊች ነው። ከዚያ ሳቁ በየመደቡ ሄደ፤ ጉልበት የሌለው፣ ሳል የሚቆራርጠው ሳቅ።

መርፌው በጀርባ አጥንት መሃል የሚገባና ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ ነው። የሚወጋው ሰው በጎኑ ተጋድሞ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ መቆየት አለበት። የባለሥልጣኑ መመሪያ ስለ ቆመ ሰው ምንም አይልም። ይህን በአዳራሹ ውስጥ የሚያውቁት አሪየትና አስናቀ ብቻ ነበሩ። ተያዩ።

«ተነሡ» አለች አሪየት። «መቀመጥ አይበቃም፤ ቁሙ። የቆመ ሰው መውጋት አይችሉም።»

ኦጌቱ የጋትዊችን ክንድ ይዞ ተነሣ። እግሩ እንደ ቄጤማ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ቆመ። ወንድማማቾቹ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ቆሙ። ያስነጠሰችው ሴት ግድግዳውን ይዛ እየተሳደበች ተነሣች፤ ስድቡ ለአሪየት ይሁን ለአስናቀ አልታወቀም። አንዱ ይወድቃል፤ ሁለቱ ያነሡታል፤ ሦስቱም ይወድቃሉ፤ እንደገና። ሣጥን የተሸከሙት ሰዎች ሣጥናቸውን የት እንደሚያኖሩ ጠፍቷቸው ቆመዋል።

አኬሎ ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለት ጊዜ መደቡ ላይ ተመልሳ ወደቀች። አሪየት በአንድ ወገን ገባች፤ ጎረቤቷ በሌላው። አነሷት። ጭንቅላቷ ወደ ደረቷ ተደፍቶ ለጥቂት ትንፋሽ ቆየ። ከዚያ ቀና አለች፤ አፏን በእጅዋ ጀርባ ጠረገች፤ ፊት ለፊቷ የቆመውን ሐኪም ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«በል ና» አለችው።